ፀጉሯን አልላጭም

ሙቀት በበረታ ቁጥር ከውሻዬ ከባዘቶ ጋር ስንወጣ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። «ይህን ሁሉ ፀጉር ተሸክማ አይሞቃትም? ለምን አያስላጯትም?» የሚጠይቁኝ አዝነውላት ነው። ሐሳባቸው ይገባኛል። ባዘቶ ሳሞይድ የተባለው የውሻ ዝርያ ናት። ነጭ ፀጉሯ አንገቷ ላይ አብጦ፣ ጅራቷ ጀርባዋ ላይ ተጠቅልሎ ላያት ሰው በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ለብሳ የወጣች ነው የምትመስለው። ካፖርቷን አውልቁላት ማለት ደግሞ ቅን ሐሳብ ነው።

ግን የውሻ ፀጉር ሲሞቅ የሚወልቅ፣ ሲበርድ የሚለበስ ነገር አይደለም። ሳሞይድ፣ ወይም እንደ እሷ የብርድ አገር ውሾች የሆኑትን ሃስኪና ማላሙት የሚያሳድግ ሰው ይህን የመላጨት ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎችም ለውሻቸው ሲሉ ቶንዶስ ያነሣሉ። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የእነዚህ ውሾች ፀጉር መራገፍ እንጂ መላጨት አይፈልግም። የሞተው ይውጣ፣ ያለው ይቆይ፣ አየር እስከ ቆዳ ይድረስ። በባዘቶ ፀጉር ላይ የምሠራው ሥራ ሁሉ ለዚህ ነው።

እነዚህ ውሾች ሁለት ዓይነት ፀጉር አላቸው። ከውጭ የሚታየው ረዘም፣ ጠንከር ያለው ነው። ውሃና በረዶ ሲያርፍበት ያንሸራትታል። ጭቃም ሲደርቅ አብዛኛው ከላዩ ይራገፋል። ፀሐይ በቀጥታ ቆዳ ላይ እንዳትወድቅም ይከላከላል። ከሥሩ ደግሞ አጭር፣ ለስላሳ፣ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ አለ። ከአንዲት የቆዳ ቀዳዳ አንድ ወፍራም የላይ ፀጉርና ብዙ ቀጫጭን የሱፍ ፀጉሮች አብረው ይወጣሉ። ለዚህ ነው ጣታችሁን ስትሰዱ ቆዳዋን ለማግኘት የምትቸገሩት።

ሥራውን የሚሠራው በሱፉ መካከል የሚታሰረው አየር ነው። አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ሲበርድ የሰውነቷን ሙቀት ይይዝላታል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ የውጪው ሙቀት ቆዳዋ ጋ እስኪደርስ ያዘገየዋል። ይህ እንዲሆን ግን ፀጉሩ ንጹሕና የተፈታ መሆን አለበት። የረገፈው ሱፍ ሳይወጣ ውስጥ ከተጠቀጠቀ አየር አያልፍም፤ እርጥበት ይታመቃል፤ ቆዳዋም ይታፈናል። በሙቀት የምትሰቃይ የምትመስል ሳሞይድ ስታዩ በቅድሚያ ፀጉሯን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ችግሩ የፀጉሩ ብዛት ሳይሆን ሳይበጠር መክረሙ ነው።

ፀጉሩ ያቀዘቅዛታል እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ሙቀት ለእነዚህ ውሾች አደገኛ ነው፤ ይህን ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም። የላብ ዕጢዎቹ ዋናው ሥራቸው መዳፉ ሥር ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ጀርባዋን ብትላጯት ከዚያ ቆዳ ላይ ተንኖ የሚያቀዘቅዛት ላብ የለም። የምታተርፉት ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው፣ ሊቃጠል የሚችል ስስ ቆዳ ነው። የውሻ ቆዳ ደግሞ ከሰው ቆዳ ይሳሳል። ያደገውም ከፀሐይ ተሸፍኖ ነው።

እኔ በሙቀት ጊዜ የማደርገው ቀላል ነገር ነው። በማለዳና ፀሐይ ከገባች በኋላ ብቻ እንሄዳለን። መሬቱን በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ፤ እጄን ካቃጠለኝ መዳፏንም ያቃጥላታል። ጥላና ንጹሕ ውሃ ሁሌ አለ። ሆዷንና የእግሮቿን ውስጠኛ ክፍል በውሃ አረጥባለሁ፤ እዚያ ፀጉሯ ሳሳ ስለሚል ውሃው ወዲያው ቆዳዋን ያገኛል። ማለክለኳ ከበዛ፣ ምራቋ ከወፈረ፣ ድዷ ከቀላ ወይም መንገዳገድ ከጀመረች ግን ይህ የፀጉር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ያኔ በውሃ እያቀዘቀዙ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ነው።

ወደ መላጨቱ ልመለስ፤ ዋናው ምክንያቴ ገና አልተነገረምና።

ፀጉር ሁሌ አያድግም። ያድጋል፣ ያቆማል፣ ያርፋል፣ ከዚያ ይረግፋል። እንደ ፑድል ባሉ ውሾች አብዛኛው ፀጉር ለረጅም ጊዜ በማደግ ላይ ይቆያል። ለዚህ ነው በየጊዜው የሚቆረጠው፤ ቢቆረጥም ወዲያው ይተካል። የሰሜን ውሾች ተቃራኒ ናቸው። አብዛኛው ፀጉራቸው የሚፈለገው ርዝመት ላይ ደርሶ ያረፈ ነው። ይህ ያዋጣቸዋል። ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ብርድ በበዛበትና ምግብ እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ፀጉር ማሳደግ አቅም ይጨርሳል። አንዴ አሳድጎ ማቆየቱ ይሻላል።

እንግዲህ እንዲህ ያረፈውን ፀጉር በቶንዶስ ስትላጩት ሥሩ ተላጨሁ ብሎ አይነቃም። ዕረፍቱን ይቀጥላል። የተላጨው ቦታ ለወራት ባዶውን ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። የእንስሳት ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው። ለቀዶ ሕክምና ወይም ለአልትራሳውንድ ሆዳቸው ወይም ጎናቸው የተላጨ ሃስኪና ማላሙቶች ላይ በተደጋጋሚ ያዩታል። ሲበቅልም እንደነበረው ሆኖ ላይመለስ ይችላል። ሱፉ ቀድሞ ይመጣል፤ የላይኛው ፀጉር ይዘገያል። ውሃ የሚያንሸራትተው ክፍል ሳይኖር ሱፉ ብቻውን ሲቀር ቶሎ ይቋጠራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል። ለማቅለል ተብሎ የተጀመረው ሥራ ይከብዳል።

መላጨት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ቀዶ ሕክምና ሲኖር ሐኪሙ ይላጫል፤ መላጨትም አለበት። ቆዳ ላይ እርጥብ ቁስል ሲወጣ አየር እንዲያገኝ ዙሪያውን ማሳጠር ያስፈልጋል። ፀጉሯ መላ ሰውነቷ ላይ ተቋጥሮ አንድ ቁራጭ የሆነ፣ ከመጥፎ አያያዝ የተረፈች ውሻ ስትገኝም ያንን በማበጠሪያ ልፍታው ማለት ማሠቃየት ነው። ያኔ ይላጭ። የፀጉር ውበት ከሕመም አይበልጥም። እኔ የምቃወመው ጤነኛ ፀጉር ሙቀት መጣ ተብሎ ሲላጭ ነው።

ይህ ፀጉር በአንድ ጀንበር የተገኘ አይደለም። የሳሞይድ አያቶች በሰሜን ሩሲያና በሳይቤሪያ ኔኔትስ ከተባሉት ሕዝቦችና ከዘመዶቻቸው ጋር የኖሩ ናቸው። የበረዶ አጋዘን ያግዱ ነበር፤ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ይጎትቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ኧርነስት ኪልበርን-ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ከአርካንግልስክ አካባቢ አንድ ቡችላ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሳሞይድ በምዕራብ አውሮፓ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሃስኪን ያረቡት በሳይቤሪያ ምሥራቅ ጫፍ የሚኖሩት ቹክቺዎች ናቸው። በ1908 ውሾቹ ወደ አላስካ ተሻግረው ኖም ከተማ ገቡ። በ1925 ያቺው ከተማ ዲፍቴሪያ በተባለ ተላላፊ በሽታ በተጨነቀች ጊዜ መድኃኒቱን እዚያው አላስካ ካለችው ከኔናና ተነሥተው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየተቀባበሉ ያደረሱላት ተንሸራታች ጎታች ውሾች ነበሩ። ከነጂዎቹ ረጅሙን መንገድ የሸፈነው ሊዮንሃርድ ሴፓላ ነው፤ ከፊት የሚመራለትም ቶጎ የተባለው ሃስኪ ነበር።

እነዚህ ውሾች በረዶ ላይ ክብ ሆነው ይተኛሉ። ጅራታቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጥላሉ፤ የሚስቡት አየር በጅራቱ ፀጉር ውስጥ አልፎ ሞቅ ብሎ ይገባል። በረዶ ቢዘንብባቸው ላያቸው ላይ ይቆለላል እንጂ ቶሎ አይቀልጥም። የሰውነታቸው ሙቀት ወደ ውጭ አያመልጥማ። ይህን ሳስብ ባዘቶ ላይ ያለው ፀጉር ለማማር የተሰጠ እንዳልሆነ ይገባኛል። የሕይወት ዋስትና ነበር። አሁን የምትኖረው ቤት ውስጥ ቢሆንም ፀጉሯ ይህን አያውቅም። ሥራውን እንደ ድሮው ይቀጥላል።

የሚቀጥለው በብርሃን እየተመራ ነው። ብዙ ሰው ፀጉር የሚረግፈው ሲሞቅ ብቻ ይመስለዋል። ሙቀትም ድርሻ አለው። ዋናው ምልክት ግን የቀኑ ርዝመት ነው። ብርሃን በዓይን ገብቶ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ጨለማ ይጨምረዋል። ሰውነቷ ከዚህ ተነሥቶ ቀን እየረዘመ ወይም እያጠረ መሆኑን ያውቃል። ቀን መርዘም ሲጀምር ወፍራሙን ሱፍ ያራግፋል። ቀን ማጠር ሲጀምር ደግሞ ሳሳ ያለውን አራግፎ ለብርድ ይዘጋጃል። ማታ ማታ አምፖል በርቶ በሚያመሽበት ቤት ግን ምልክቱ ይደበዝዛል። ወደ ምድር ወገብ በተጠጋን ቁጥርም የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለወጥ እንዲሁ ነው። ያኔ አንዴ በብዛት ከመርገፍ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይረግፋል። «የእኔ ውሻ ለምን ዝንተ ዓለም ፀጉር ይረግፋል?» ለሚሉኝ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ትልቁ መርገፍ ሲመጣ አያሳስትም። ባዘቶን ከታፋዋ ይጀምራታል። ትንንሽ የሱፍ ጭብጦች ከላይኛው ፀጉር መሐል ብቅ ብቅ ይላሉ። በጣት ሲስቧቸው ያለምንም ትግል ይወጣሉ። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ ጎኗ፣ ወደ ጀርባዋ፣ በመጨረሻ ወደ አንገቷ ይደርሳል። ሳምንታት ይወስዳል። የማያውቅ ሰው ታማለች ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። የሚለይበት መንገድ አለ። በጤነኛ መርገፍ ሱፉ ሲወጣ የላይኛው ፀጉር ይቀራል፤ ቆዳዋም ንጹሕ ነው። ቆዳው ባዶ ሆኖ ከታየ፣ ከቀላ፣ ከተቀረፈ ወይም ከሸተተ መርገፍ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ፤ ወደ ማበጠሩ።

ብዙ ሰው ውሻውን በየቀኑ አበጥራለሁ ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን የሚያበጥረው ላዩን ነው። ብሩሹ ከላይኛው ፀጉር ላይ ሽው ብሎ ያልፋል። ፀጉሩ ያምራል፣ ያበራል። ከሥሩ ግን ሱፉ እንደታጨቀ ነው። ላዩን በየቀኑ ከማበጠር በሳምንት አንዴ እስከ ቆዳ ድረስ ማበጠር ይበልጣል። በመርገፍ ጊዜ ግን እስከ ቆዳ ድረስም፣ በየቀኑም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ባዘቶ በጎኗ ትተኛለች። በመርጫ ጥቂት ውሃ እረጫታለሁ፤ ደረቅ ፀጉር ሲበጠር ይሰበራል። ከታች፣ ከሆዷ ጠርዝ እጀምራለሁ። በግራ እጄ መዳፍ ፀጉሯን ወደ ላይ ገፍቼ እይዛለሁ። ያኔ በመዳፌና በታችኛው ፀጉር መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይከፈታል፤ መስመሩ ላይ ቆዳዋ ይታያል። የባዘቶ ቆዳ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ከመዳፌ ሥር ጥቂት ፀጉር ለቀቅ አደርግና ከሥሩ ጀምሬ ወደ ታች አበጥረዋለሁ። ማበጠሪያው ሳይንቀረፈፍ ካለፈ መዳፌን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ሌላ መስመር እከፍታለሁ። እንዲህ እያልኩ እስከ ጀርባዋ አጥንት እወጣለሁ። ከዚያ በሌላው ጎኗ አገላብጣታለሁ።

ድምፁን መስማት ይጠቅማል። ንጹሕ ፀጉር ውስጥ የብረት ማበጠሪያ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ቀጭንና እኩል ነው። ሱፍ ያጋጠመው ጊዜ ድምፁ ይታፈናል። ቋጠሮ ሲነካ ደግሞ ቀጭ ይላል። አሁን አሁን ዓይኔ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ ጆሮዬ ይነግረኛል። እሷም ታውቀዋለች። ድምፁ ቀጭ ሲል ጆሮዋን ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ያኔ እጄን አቆማለሁ።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ አልልም። ሦስት ነገር ይበቃል። ረጃጅም፣ ጫፋቸው የደነዘ ጥርሶች ያሉት የሱፍ ማውጫ አንድ ነው፤ በመርገፍ ጊዜ ዋናውን ሸክም የሚሸከመው እሱ ነው። ቀጫጭን የታጠፉ ሽቦዎች ያሉት ብሩሽ ሁለተኛው ነው። እሱን በኃይል ከጫኑት ቆዳ ይፍቃል። አዲስ ስትገዙ በራሳችሁ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሞክሩት፤ እናንተን ከቧጠጣችሁ እሷንም ይቧጥጣታል። ሦስተኛው የብረት ማበጠሪያ ነው። እሱ የማረጋገጫ መሣሪያ ነው፤ ከቆዳ ጀምሮ እስከ ጫፍ ሳይያዝ ካለፈ ያ ቦታ አልቋል። ከዚህ ውጭ ስለት መሰል ጥርስ ያላቸው የፀጉር ማራገፊያዎች አሉ። ብዙ ፀጉር ሲያወጡ ስለሚታዩ ይወደዳሉ። ስለቱ ግን ሱፉን ብቻ መርጦ አይወስድም። ተደጋግሞ ሲጎተት የላይኛውን ፀጉርም ይቆርጠዋል። ባዘቶ ላይ አልጠቀምባቸውም።

ፀጉር የሚቋጠርባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ውስጥ፣ ብሽሽት፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ የታፋው ጀርባ ላይ ያለው ረጅም ፀጉር። የሚፋተግ ነገር ያለበት ሁሉ ይቋጠራል። የደረት ማሰሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ከጉዞ በኋላ አውልቁላት። ቋጠሮ ስታገኙ ከሥሩ አትጎትቱ። ቋጠሮው ከቆዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ እንዲህ ስትይዙት መጎተቱ ቆዳዋ ጋ አይደርስም። ከዚያ ከጫፉ ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ ፍቱት። መቀስ አታስገቡ። ቆዳዋ ወደ ቋጠሮው ውስጥ ተስቦ ስለሚገባ ፀጉር የቆረጡ እየመሰላቸው ቆዳ የቆረጡ ብዙ ናቸው።

ገላ ማጠብ ሲነሣ ሰዎች የሚጠይቁት በስንት ጊዜ ነው ብለው ነው። እንደ ብዙ ውሾች ቶሎ አይሸቱም፤ ሳሞይድና ሃስኪ ለዚህ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ስትቆሽሽ ወይም በሁለት በሦስት ወር አንዴ ብትታጠብ ይበቃታል። በጣም መታጠብ ቆዳዋ የሚያመነጨውን ቅባት ያጥባል። የሰው ሻምፖ አይሁን፤ የሰው ቆዳ አሲድነቱ ከውሻ ቆዳ ከፍ ስለሚል የሁለቱ ሻምፖ አንድ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን አበጥሯት። የተቋጠረ ፀጉር ሲረጥብ ይጠብቃል፤ ከደረቀ በኋላ መፍታቱ ፈተና ነው።

ውሃው እስከ ቆዳ እንዲደርስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ላይዋ ርሶ ውስጧ ደረቅ ሆና ትቆያለች፤ ፀጉሩ የተሠራው ለዚህ ነውና። በጣቴ እየከፈትኩ ለብ ያለ ውሃ አስገባለሁ። ሻምፖውን በውሃ አቅጥኜ ነው የምጠቀመው፤ ወፍራሙ አንድ ቦታ ይቀራል። ማለቅለቅ ከማጠቡ በእጥፍ ይረዝማል። ታጥባ ጨርሳለች ብዬ ባሰብኩ ጊዜ አንዴ ደግሜ አለቀልቃለሁ። የቀረ ሻምፖ ያሳክካታል፤ ስታክ ትልሳለች፤ ስትልስ ቆዳዋ ይቆስላል።

ማድረቁን ግን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። የዚህ ፀጉር ትልቁ ጠላት ሥሩ ላይ የሚቀር እርጥበት ነው። ላይዋ ሲደርቅ የደረቀች ትመስላለች። ሱፉ ውስጥ ግን ውሃው ለሰዓታት ይቆያል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ባክቴሪያ ይራባል። ትናንት ያልነበረ ቀይ፣ የሚያዥ፣ የሚሸት ቁስል ዛሬ ይገኛል። በሰዓታት ውስጥ ይሰፋል። ፎጣ መጀመሪያ ነው፤ በፎጣ ስታደርቁ ግን እየተጫናችሁ ውሃውን ምጠጡ እንጂ አትሹት፣ ማሸት ይቋጥራል። ከዚያ ሞቃት ያልሆነ፣ ኃይለኛ ንፋስ ያለው ማድረቂያ። ንፋሱ ውሃውን ከሥሩ ገፍቶ ያወጣል፤ የሞተ ሱፍም አብሮ ይዞ ይወጣል። ከፊቷና ከጆሮዋ ይራቅ። ድምፁን እስክትለምድ ከኋላ እግሮቿ፣ በዝቅተኛው ጀምሩ። ደርቃለች የምንለው ጣታችን ቆዳዋ ላይ አርፎ ምንም ቅዝቃዜ ሳይሰማው ሲቀር ነው።

ማበጠሩን የምወድበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ይህ ፀጉር ብዙ ነገር ይደብቃል። ውሻዋ ብትከሳ አይታይም። እብጠት ቢወጣባት አይታይም። መዥገር ቢይዛት ጠጥቶ እስኪያብጥ አይታይም። በዓይን የማይገኘውን የሚያገኘው ጣት ነው። ስለዚህ ሳበጥር እዳስሳለሁ። ጎኗን ስዳስስ የጎድን አጥንቶቿ ከስስ ሥጋ ሥር ይሰሙኛል ወይ? የማላውቀው ጉብታ አለ ወይ? ከጆሮዋ ሥር፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ከጣቶቿ መካከል መዥገር አለ ወይ?

ከጣቶች መካከል ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ቀን የኋላ እግሯን መዳፍ ሳበጥር ማበጠሪያው አንዲት ቦታ ላይ እንቢ አለ። ቋጠሮ መሰለኝ። ፀጉሩን ከፍቼ ስመለከት ቀጭን የሣር ፍሬ ነበር። ሹሉ ጫፉ በሁለት ጣቶቿ መካከል ያለው ስስ ቆዳ ውስጥ መግባት ጀምሯል። ጀርባው ላይ ያለው ረጅም ፀጉር መሰል ነገር ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾኾች አሉት፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። በምትራመድበት ጊዜ ሁሉ ጠልቆ ይገባል። እሷ ገና አላነከሰችም። በወረንጦ ቀስ ብዬ ሳወጣው አንድ ጠብታ ደም ወጣ፤ ከዚያ አለቀ። ቢቆይ ኖሮ በሐኪም ቢላ ካልሆነ አይወጣም ነበር። የሳሞይድ እግር በጣቶቹ መካከልና በመዳፉ ሥር ፀጉር ስላለው እንዲህ ያለውን ነገር ይሰበስባል። በረዶ ባለበት ደግሞ የበረዶ እንክብሎች ይሠሩበታል። ከመዳፉ ሥር የሚወጣውን ፀጉር ከመዳፉ ጋር እኩል አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ከጣቶቹ መካከል ያለውን ግን ሙልጭ አድርጎ ማውጣት አያስፈልግም፤ ለጥበቃ የተሰጠ ነው።

ቆዳው ራሱ የሚናገረውም አለ። ሃስኪና ማላሙት ውስጥ ዚንክ የተባለውን ማዕድን ከምግባቸው በደንብ መምጠጥ የማይችሉ ይወለዳሉ። ምልክቱ በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በጆሮ ጠርዝ፣ በክርን፣ በመዳፍ ላይ የሚወጣ ቅርፊት ነው። አይታችሁ ገና የዚንክ ክኒን ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ሲበዛ መርዝ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ሳሞይድ ደግሞ የቅባት ዕጢዎች ብግነት ከሚያጠቃቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። ፀጉሩ ይደርቃል፣ ይሳሳል፤ ፎረፎር ፀጉሩ ሥር ላይ ተጣብቆ ይወጣል። ሳያሳክክ በሁለቱም ጎን እኩል የሚመለጥ ፀጉር ስታዩ ደግሞ የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ማከም አይቻልም። ቀድሞ ማየት ግን ይቻላል፤ የሚያየውም በየሳምንቱ ፀጉሯን የሚከፍት ሰው ነው።

ማምከንም ፀጉር ይለውጣል። ባዘቶ ከመከነች በኋላ ሱፏ በዛ፤ ጆሮዋ አካባቢና ታፋዋ ላይ ያለው ፀጉር ለስለስ ብሎ በቀላሉ መቋጠር ጀመረ። ይህ በብዙ ሴት ውሾች ላይ የሚታይ ነው። ማምከኑን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የምታበጥሩበትን ጊዜ መጨመር ነው።

ውሻችሁን ለፀጉር አስተካካይ የምትሰጡ ከሆነ ከመለየታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። አይላጭ፣ በማሽን አይጠር፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ሱፉ ይውጣ በሉ። «ለዚህ ዝርያ መላጨት አንመክርም» የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ሲመልስላችሁ ደግሞ ብብቷንና የጆሮዋን ጀርባ በጣታችሁ ዳስሱ። ላዩን ማሳመር ቀላል ነው፤ ሥራው የሚታወቀው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ቡችላ ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ጀምሩ። የቡችላ ፀጉር ብዙ ማበጠር ስለሚፈልግ አይደለም። መዳፏን፣ ጆሮዋን፣ ብብቷን መነካት እንድትለምድ ነው። ለአጭር ጊዜ ይሁን፤ መሰልቸት ሳትጀምር ይቁም፤ የምትወደው ነገር ይሰጣት። ስታድግና ክብደቷ ሲጨምር መታገል አይቻልም። ስታረጅ ደግሞ ለረጅም ጊዜ መቆም ይከብዳታል። ያኔ ለስላሳ ነገር ላይ አስተኝቶ ዛሬ አንዱን ጎን፣ ነገ ሌላውን ማድረግ ይቻላል። ልምዱ ያላት ውሻ ይህን ትፈቅዳለች።

የወጣውን ሱፍስ ምን እናድርገው? የሳሞይድ ሱፍ ይፈተላል። ለስላሳና በጣም የሚሞቅ ክር ይወጣዋል፤ ሻርፕና ጓንት የሚሠሩበት አሉ። ለመፍተል የሚሆነው በማበጠሪያ የወጣው ሱፍ ነው፤ የተቆረጠው አጭር ስለሆነ አይያያዝም። ንጹሑን ለይቶ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ነው። ወፎች ጎጆ ይሥሩበት ብለው ደጅ የሚበትኑም አሉ። ባዘቶ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ቆዳዋ ላይ ስለሚደረግላት እኔ አልበትንም። መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ይቆያል፤ ነፍሳትን ለመግደል የተሠራ ነገር ደግሞ ገና ላባ ላላወጣ ጫጩት ጎጆ ውስጥ አይገባም። መድኃኒቱን በተደረገላት ሰሞን የወጣውን ሱፍ በከረጢት አስሬ እጥላለሁ፤ ለመፍተልም አላስቀምጠውም።